ጭሱ ሳይቀነስ ሲጋራው ይቁም?

ጥያቄ፦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ክፍል ነው የምሠራው። ብየዳና ቀለም ክፍል ያሉት ሠራተኞች አብዛኞቹ ያጨሳሉ። ማስታወቂያ ለጠፍን፣ ሐኪም ጋብዘን ትምህርት ሰጠን፣ ወይ ፍንክች! የሠራተኛ ማኅበሩን ሊቀመንበር አብረን እንሥራ ብዬ ባነጋግረው፣ «የብየዳው ጭስ ሳያሳስባችሁ የኛ ሲጋራ አሳሰባችሁ?» አለኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ቅር እንዳይልዎት እንጂ ሰውየው እውነቱን ነው። ቀኑን ሙሉ ጭስ ሲምግ የሚውል ሠራተኛ፣ የጭስ መሳቢያ ይገዛልን ሲል በጀት የለም ያለው አሠሪ ተመልሶ ስለ ሳንባው ሲያስተምረው እንዴት ይሰማል? የብየዳ ጭስ እኮ ራሱ ካንሰር አምጪ ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2017 እ.ኤ.አ. እንደዚያ መድቦታል።

አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ በፋብሪካዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ከፊሎቹ የጤና ትምህርት ብቻ ተሰጣቸው። በቀሩት ትምህርቱ ከሥራ ቦታ ደህንነት ማሻሻያ ጋር አብሮ ሄደ። በሰዓት ከሚከፈላቸው አጫሾች መካከል ያቆሙት በመጀመሪያዎቹ 6 በመቶ ገደማ፣ በሁለተኛዎቹ 12 በመቶ ገደማ ሆኑ። እጥፍ ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የብየዳው ጭስ እንዲቀነስ ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሲጋራው ቢያወሩ ሠራተኞቹ ይሰሙዎታል። የአስቤስቶስ (ሙቀት ለመከላከል ይውል የነበረ ክር መሰል ማዕድን) ሠራተኞችን ነገር ያንሱላቸው። አሜሪካዊው ሐኪም ኢርቪንግ ሴሊኮፍና ባልደረቦቹ በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት እንዳሳየው፣ አስቤስቶስ ብቻውን የሳንባ ካንሰርን ሥጋት 5 እጥፍ ያህል፣ ሲጋራ ብቻውን ከ10 እጥፍ በላይ ያደርሰዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ከ50 እጥፍ ያልፋል።

አሁን ወደ ዕረፍቱ እንምጣ፣ ዋናው ጣጣ ያለው እዚያ ነው። ብዙ ቦታ የሚያጨሰው «መጣሁ» ብሎ ውልቅ ይላል፣ የማያጨሰው ማሽኑ ላይ ተገትሮ ይቀራል። አዲስ ገቢው ወጣት ይህን እያየ ሲጋራ ቢለምድ ምን ይገርማል? ስለዚህ ለአጫሹም ለማያጨሰውም እኩል ዕረፍት ይሰጥ፣ በኅብረት ስምምነቱም ይግባ። የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር ወጪውን አሠሪው ይሸፍን፣ የምክር አገልግሎቱ በሥራ ሰዓት ይሁን፣ የሌሊት ፈረቃውም አይረሳ። ሲጋራ ለማቆም የሚመዘገቡት ሰዎች ስም ዝርዝር አለቃ እጅ እንዳይገባ! ከገባ አንድም ሰው አይመዘገብም።

ይህን ሥራ የሚመራውም ማኅበሩ ይሁን፣ እርስዎ ከኋላ ይግፉ። አጭሶ ያቆመ የማኅበር ተወካይ ካለ ከአሥር ሐኪም ይበልጣል፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ላይ፣ ሰው ያለ ምክንያት ቱግ በሚልበትና ልቡ ሲጋራ ሲጋራ በሚልበት ጊዜ። መልሶ የጀመረውንም «ተሸነፍክ» አትበሉት። ብዙ ሰው የሚያቆመው ደጋግሞ ሞክሮ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ በኮንትራት የገቡትን የቀን ሠራተኞች ማኅበሩ አባል አይደሉም ብሎ ሊዘላቸው ይችላል። ያንኑ ጭስ ነው የሚምጉት፤ እነሱም እንዲካተቱ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ይሟገቱ።