መልስ፦ አይስላንድ በ4 ቀን

«መስከረም መጨረሻ ላይ 4 ቀን አለኝ፤ አይስላንድን ዞሬ እጨርሳለሁ?» ላልከው፦ ተው ወንድሜ! ደሴቲቱን የሚዞረው ዋና መንገድ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቅብሃል።

ዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ ላይ አልጋ ያዝና ከዚያ እየወጣህ ተመለስ። አንዱን ቀን «ወርቃማው ክብ» ለሚባለው፣ ሦስት ቦታዎችን ለሚያዞረው የጉብኝት መስመር ስጠው። ቲንግቬሊር ላይ የሰሜን አሜሪካና የዩሬዥያ የመሬት ንጣፎች የሚለያዩበትን ስንጥቅ ታያለህ። የእኛን ስምጥ ሸለቆ ለሚያውቅ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ብርዱ ነው እንግዳው። ስትሮኩር የሚባለው ፍል ውሃ በየ5 እስከ 10 ደቂቃው ሽቅብ ይተኮሳል፤ ካሜራህን ይዘህ ጠብቅ። ጉልፎስ ፏፏቴም ከዚያ ሩቅ አይደለም።

በሌላው ቀን ወደ ደቡብ፣ እስከ ቪክ መንደር ድረስ ንዳ። ስኮጋፎስ ፏፏቴ ከ60 ሜትር ከፍታ ይወርዳል። ሬይኒስፍያራ የሚባለው ጥቁር አሸዋ ላይ ግን ለባሕሩ ጀርባህን አትስጥ። ድንገት የሚመጣው ማዕበል ሰው ወስዷል።

አንድ ቀን ያለ ዕቅድ ተው። አየሩ አይታመንም። የመኪናህን በር ስትከፍት ጠበቅ አድርገህ ያዘው፤ ነፋሱ ሊገነጥለው ይችላል። የታሸገ ውሃ በመግዛት ገንዘብህን አትጨርስ፣ የቧንቧው ይጠጣል። የሻወሩ ሙቅ ውሃ ድኝ ድኝ ቢሸትህም አትደንግጥ።