የትኛው ፕላን?

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ ማራኪ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አሠርቼ ከተረከብኩ ሁለት ዓመቴ ነው። የታቹ ሱቅ ካሰብኩት በላይ ሰፋ ብሎ ወጥቶልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ከሱቁ በላይ ሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ተሰነጠቀ። ተቋራጩ «በፕላኑ ነው የሠራሁት» ይላል። ልክሰሰው?

መልስ፦ መክሰስ ይችላሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 መሠረት ተቋራጩ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት የሥራው ጥራትና የሕንፃው ጥንካሬ ዋስ ነው። በአፈሩ ጠባይ የመጣ ጉዳትም ይመለከተዋል። ውሉ ላይ ጊዜውን የሚያሳጥር ነገር ቢጻፍ እንኳ አይጸናም።

እኔን ያሳሰበኝ «ሰፋ ብሎ ወጥቶልኝ» ያሏት ነገር ናት። ሱቅ በራሱ አይሰፋም። መሐል ላይ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ነበረች? «ይቺን አውጣልኝ፣ ዕቃ ትከልልብኛለች» ያሉት እርስዎ ነዎት? ከሆነ ቢያንስ ለጠበቃዎ አይደብቁ። ተቋራጩ እንደሆነ አይደብቅልዎትም። ባለሙያ ነውና እሺ ማለቱ ብቻውን ነፃ አያወጣውም፤ የእርስዎን ክስ ግን ያሳሳዋል።

ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው። ውሉ «በፕላኑ መሠረት» ይላል፤ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ብዙዎቻችን ፕላን ስንል የሚታየን አርክቴክቸራሉ ነው፤ ክፍሉ፣ በሩ፣ መስኮቱ። ኮለኑ ስንት ፌሮ እንደሚገባው፣ ስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚይዘው ቀለበት ብረት) በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚታሰር፣ መሠረቱ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚነግረው ስትራክቸራሉ ነው። ኤሌክትሪኩና ሳኒተሪው (የውኃና የፍሳሽ መስመሩ) ደግሞ ለየብቻ ናቸው። አርክቴክቸራሉ ላይ ኮለን መሰረዝ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ስትራክቸራሉ እንደገና ካልተሰላ ግን ሶሌታው የሚያርፍበትን ያጣል። አንድ ደንበኛዬ የሻይ ጠብታ ያረፈበት ፕላን ይዞ መጣ፤ ሁለት ኮለን በእስክሪብቶ ተሰርዟል፣ ፊርማ የለም፣ ቀን የለም። ማን ሰረዘው ሲባል እሱ ተቋራጩን አሳየ፣ ተቋራጩ እሱን።

ስለዚህ ከክሱ በፊት ወረቀቱ ይቅደም። ግንባታ ፈቃድ ሲያወጡ የጸደቀውን፣ ማኅተም ያለበትን ፕላን ሙሉ ቅጂ ከከተማው ቢሮ ያውጡ። ስትራክቸራሉ መኖሩን ገልጠው ይዩ። በተቋራጩ እጅ ካለው ጋር ያስተያዩት። ውሉን፣ የርክክብ ሰነዱንና የክፍያ ደረሰኞቹን ይሰብስቡ። ከሁለታችሁም ወገን ያልሆነ መሐንዲስ ቤቱን አይቶ በጽሑፍ ሪፖርት ይስጥዎት፤ አደጋ አለው ካለ ሱቁ ዛሬውኑ ይዘጋ። ይህን ሁሉ ይዘው እዚያው ጎንደር ያለ ጠበቃ ያማክሩ፤ እኔ ሰነዱን ሳላይ ከዚህ በላይ ብናገር ልክ አይሆንም።

መሐንዲሱ ሳያየው ስንጥቁን በሲሚንቶ እንዳይደፍኑት። «ኮለኗ ትውጣ» ያሉበት የስልክ መልእክት ካለም አያጥፉት፤ ተቋራጩ ስልክ ላይም አለ።