ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፦ ኪሎ ሜትሩና የትኬቱ ሰዓት

ጥያቄ፦ በአየር ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በመኪና 560 ሲሉ እሰማለሁ።

መልስ፦ ከማረፊያ እስከ ማረፊያ በቀጥታ መስመር 333 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአብራሪዎች መለኪያ 180 ኖቲካል ማይል ይሆናል፤ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። የሰሙትም ልክ ነው፦ በደብረ ማርቆስ ወደ 560 ይደርሳል፣ በሞጣ ከ500 ትንሽ ያንሳል። መኪና የጮቄን ተራራ በአንዱ ጎን መዞር አለበት፤ ከዚያ ደግሞ ከደጀን ዓባይ በረሃ ወርዶ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ያ ቁልቁለትና ዳገት ብቻውን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ 333 ኪሎ ሜትር ለአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ነው። ትኬቱ ለምን 1 ሰዓት ይላል?

መልስ፦ ትኬቱ የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነሣበት እስከ መድረሻው ቆሞ እስኪያበቃ ነው። እስከ ማኮብኮቢያው መንዳት፣ ቦሌ ላይ ተራ መጠበቅ፣ ሁሉም ይገባበታል። አየር ላይ የሚቆየው 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ቢበርም፣ በዚያ ፍጥነት የሚሄደው መሀሉን ብቻ ነው። ጄት ቢመደብም ብዙ አያተርፍም፤ ከፍታውን እንደያዘ መውረድ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ጎንደርስ?

መልስ፦ ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር አየር ማረፊያ (አዘዞ) በአየር 102 ኪሎ ሜትር፣ በመኪና ወደ 180። ጣና መሀል ስላለ መንገዱ በወረታና በአዲስ ዘመን ይዞራል።

ጥያቄ፦ እናቴ ዱባይ ልትሄድ ነው። ከቦሌ የምትነሣበት ሰዓት ኦክቶበር 15፣ 00:30 ይላል። ከባሕር ዳር መቼ ትነሣ?

መልስ፦ 14 ቀን፣ ቢቻል ጧት። እባክዎ ይህን ለሌሎችም ይንገሩ፤ በዚህ ምክንያት በረራ የሚያመልጠው ሰው ብዙ ነው። 00:30 በእኛ ከሌሊቱ 6:30 ነው። በፈረንጆቹ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል፣ እኛ ግን ሲነጋ ነው የምንቆጥረው። ስለዚህ እኛ «የ14 ሌሊት» የምንለውን ትኬቱ 15 ይለዋል። በ15 ማታ ቦሌ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነው።

ሰዓቱን ለመለወጥ፦ የሰዓቱ ቁጥር ከ12 ከበለጠ በመጀመሪያ 12 ይቀንሱ። ቀሪው 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 6 ይደምሩ፣ ከ6 ከበለጠ 6 ይቀንሱ። 14:20 ሲል 2:20 ይሆናል፣ 6 ሲደመር ከቀኑ 8:20።

ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት መሆናቸውንም ያረጋግጡ። በአንድ ትኬት ከሆነ ሻንጣው እስከ ዱባይ ይመዘገባል፣ የመጀመሪያው ቢዘገይም አየር መንገዱ ሌላ በረራ ይፈልግላቸዋል። ለየብቻ ከተገዙ ግን ቦሌ ላይ ሻንጣቸውን ራሳቸው ተቀብለው እንደገና ያስመዘግባሉ፤ ካመለጣቸውም ኪሳራው የራሳቸው ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ የዱባይ ትኬት ሲሄድ 5፣ ሲመለስ 3 ሰዓት ይመስላል። ነፋስ ነው?

መልስ፦ አይደለም። 2,520 ኪሎ ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ ወደ 4 ሰዓት ይፈጃል። ዱባይ ከእኛ 1 ሰዓት ስለምትቀድምና ትኬቱ የየአገሩን ሰዓት ስለሚጽፍ ነው።

ጥያቄ፦ የዋሽንግተኑ በረራ ሲሄድ መንገድ ላይ ያርፋል፣ ሲመለስ በቀጥታ ይመጣል። ለምን?

መልስ፦ ቦሌ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ክንፉም ሞተሩም አቅማቸው ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ስለማይችል መንገድ ላይ ነዳጅ ይሞላል። ዋሽንግተን ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ከዚያ ሞልቶ ይነሣል።