መልስ፦ የሁለት ወር ቡችላ ምን ይብላ? ይታሰር ወይስ ይለቀቅ?

ወንድሜ፣ እንጀራ በወጥ ስታበላው ተቅማጥ እንደያዘው ጽፈሃል። መጀመሪያ ወጡን ተው። ጥፋቱ የበርበሬው ብቻ አይደለም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት መች ይሠራና! ሩዝ ያለ ጨው በደንብ ቀቅለህ ከተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ጋር ቀላቅልለት፤ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት። ውሃ ከአጠገቡ አይጥፋ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ለበዓል በግ ስታርዱም ጥሬ ሳንባና ጉበት አትወርውርለት፤ ከዚያ የሚይዘው ትል እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ወደ ልጆችህ ይተላለፋል።

ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ ወይም ካስመለሰው ግን ፓርቮ (ቡችላን የሚገድል የቫይረስ በሽታ) ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን እንስሳት ሐኪም ጋ ውሰደው። ሲሻለው የፓርቮ ክትባት ይጀምር፤ 4 ወር እስኪሞላው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 3 ወር ሲሞላው ነው።

እጅ መንከሱ ጨዋታ ነው፣ አትምታው። በነከሰህ ቁጥር ጨዋታውን አቋርጠህ ጀርባህን ስጠው፤ የሚያኝከው የተቋጠረ ጨርቅ ጣልለት። ሲተው አመስግነው።

«ክፉ ጠባቂ እንዲሆን ከአሁኑ ልሰረው?» ላልከው፣ እኔ አንዱን እንደዚያ አሳድጌ ነበር። ሌባውን ትቶ እኛን በራችን ላይ አላስገባም አለን። ቀን ልቀቀው፣ ከቤተሰቡም ከእንግዳም ጋር ይልመድ። ሲያድግ የማያውቀው ሰው ሲመጣ መጮሁ አይቀርም።