ከሠንጠረዡ ወደ ኮዱ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ጽሑፌ የዳታቤዝ ዓምዶችን በኮድ ውስጥ ካሉ ኦብጀክቶች (መረጃን በአንድነት ከሚይዙ የፕሮግራም ክፍሎች) ጋር ስለማጣመር አንስቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስና ከሜክሲኮ አካባቢ በርካታ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ በራሴ አነጋገር አቀርባቸዋለሁ። የአብዛኞቹ ችግር ሥሩ አንድ ነው፤ ዓምዱ በኮድ ውስጥ ምን ሆኖ እንደሚነበብ ዳታቤዙን ከኮዱ የሚያገናኘው መሣሪያ በራሱ እንዲወስን ተትቷል። ይህን መወሰን ያለበት ሰው ነው፤ ያውም ሥራውን የሚያውቅ ሰው።

አንድ የአራት ኪሎ ተማሪ፦ ስልክ ቁጥርን በኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ዓምድ ብይዘው ምን ችግር አለው? ስሙ ራሱ ቁጥር አይደል?

በጽሑፍ ያዘው። ስልክ ቁጥር አይደመርም፣ አይባዛም፤ በኢንቲጀር ውስጥ ደግሞ መነሻው ላይ ያለው ዜሮ ይጠፋል። በ251 ሲጀምር 12 አሃዝ ስለሚሆን ከመደበኛው ኢንቲጀር ጣሪያ ከ2,147,483,647 ያልፋል። ጥብቅ ቁጥጥሩ የተዘጋበት ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ በዚህ ጊዜ ጣሪያውን ራሱን ይመዘግብና ዝም ይላል። የደንበኞቹ ሁሉ ስልክ 2147483647 ሆኖ ያገኘ ሰው ካለ ምክንያቱ ይህ ነው።

በስታዲየም አካባቢ ባለ የቁጠባና ብድር ተቋም የሚሠሩ ባለሙያ፦ በየቀኑ መዝጊያ ላይ የሲስተሙ ድምር ከሂሳብ ክፍሉ ድምር በጥቂት ሳንቲም ይለያያል። ዓምዱ ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ ኑሜሪክ (ትክክለኛ አስርዮሽ) ነው፤ የጃቫው ክላስ (የኦብጀክቱ ንድፍ) ላይ ግን ደብል (ግምታዊ አስርዮሽ) ነው። ለጥቂት ሳንቲም ይህን ያህል መጨነቅ ያስፈልጋል ወይ?

ያስፈልጋል። የሰው ቁጠባ ነው። ደብል ቁጥርን የሚይዘው በሁለትዮሽ ክፍልፋይ ስለሆነ 0.1ን እንኳ በትክክል ሊይዝ አይችልም። በደብል 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 የሚመጣው ለዚህ ነው። ዳታቤዙ አንዲት ሳንቲም ሳያጎድል የያዘውን ኮዱ ሲያነብ ያዛባዋል፤ ከዚያም የተዛባውን መልሶ ይጽፋል። ጃቫ ላይ አስርዮሽን ሳያዛባ የሚይዘውን ቢግዲሲማል ይጠቀሙ። ቢግዲሲማሉንም ከደብል አይፍጠሩት፤ ስህተቱን አብሮ ይወርሳልና ከጽሑፍ ይፍጠሩት። በጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ በሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ሲልኩትም ጥንቃቄው አይቅር። ተቀባዩ ጃቫስክሪፕት (የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ) ከሆነ ቁጥሩን ሁሉ ወደ ደብል ስለሚቀይረው ገንዘቡን በጽሑፍ መልክ ወይም በሙሉ የሳንቲም ቁጥር ይላኩ።

ሌላም ያላነሡት ጉዳይ አለ። ዲሲማል ተጠቅመውም ልዩነት ሊቀር ይችላል፤ ያ የአጠጋጋ ጥያቄ ነው። እያንዳንዳቸው 33.30 ብር የሆኑ 3 ዕቃዎች 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰብባቸው። ለየብቻ ሲሰላ የእያንዳንዱ ታክስ 4.995 ነው፤ ወደ 5.00 ይጠጋጋል፤ ድምሩ 15.00 ብር ይሆናል። በጠቅላላው በ99.90 ላይ ሲሰላ ግን 14.985 ይመጣና 14.99 ይሆናል። የቱ ትክክል እንደሆነ እኔም አልወስንም፣ እርስዎም አይወስኑም። የተቋሙን የሂሳብ ኃላፊ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍና በፊርማ ይቀበሉ። ይህን አደራ እላለሁ፤ ኦዲተር በመጣ ቀን "ፕሮግራመሩ እንዲህ መስሎት ነበር" የሚል መልስ ማንንም አያድንም።

ሌላ አንባቢ፦ ማይኤስኪውኤል ላይ ታይኒኢንት 1 (ትንሽ ሙሉ ቁጥር) ብዬ የፈጠርኩት ዓምድ ጃቫ ውስጥ ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት ብቻ) ሆኖ ይመጣል። 2 እና 3 ብዬ የመዘገብኳቸው ሁኔታዎች የት ሄዱ?

ሁሉም "እውነት" ሆነዋል። አገናኙ ሶፍትዌር በነባሪው እንደዚያ ነው የሚያነበው። ዓምዱን ከፍ ወዳለው የሙሉ ቁጥር ዓይነት፣ ወደ ስሞልኢንት፣ ይቀይሩት።

በካዛንቺስ አንድ ክሊኒክ የእናቶችና ሕፃናት ክትትል ፕሮግራም የሠራች እህታችን፦ ነርሶቹ ቀን የሚያስገቡት በእኛ አቆጣጠር ነው። እኔም ያንኑ ዴት (የቀን) ዓምድ ላይ በቀጥታ እመዘግባለሁ። ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ በጥቅምት መጨረሻና በጳጉሜን ግን ያስቸግረኛል። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ትልቁ ጉዳት ያለው ዓመቱን ሙሉ ሠራ ባልሽው ላይ ነው።

በመጀመሪያ የሚያስቸግርሽን እንይ። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017 በዓምዱ ላይ 2017-02-30 ሆኖ ይደርሳል፤ ዳታቤዙ የሚያውቀው ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን ኖሮት አያውቅም። ጳጉሜን 13ኛ ወር ናት፤ ዳታቤዙ ከ12 በላይ አይቆጥርም። እምቢ ካለሽ ዕድለኛ ነሽ። የቆየው የጃቫ ቀን አንባቢ ሲምፕልዴትፎርማት በነባሪው እምቢ አይልም፤ የተረፈውን ቀን ወደሚቀጥለው ወር ያሻግረዋል። ስለዚህ ጥቅምት 30 ያልሽው 2017-03-02 ሆኖ ይቀመጣል፤ ስታነቢው ኅዳር 2 ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 የተወለደች ሕፃን ደግሞ 2017-01-05 ተብላ ትመዘገባለች፤ ካርዷ ላይ መስከረም 5 ቀን 2017 ተወለደች ይላል። ዓመቷ ሳይቀር ተለወጠ፤ ስህተት የሚል መልእክት ግን አልወጣም።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳት። ዴት ዓምድ ለሂሳብ የተሠራ ነው፤ በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ርቀት ስትጠይቂው በፈረንጅ ወራት ርዝመት ይቆጥራል። ከነሐሴ 30 እስከ መስከረም 1 ስንት ቀን ነው? ጳጉሜን 5 በሆነችበት ዓመት 6 ቀን፣ 6 በሆነችበት ዓመት 7 ቀን ነው። ያንቺ ዳታቤዝ ግን ከዲሴምበር 30 እስከ ጃንዩዋሪ 1 ቆጥሮ 2 ቀን ይልሻል። የእርግዝና ሳምንትም ሆነ የክትባት ቀጠሮ የሚሰላው በዚህ ቁጥር ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የሚወጣው ስህተት ቢያንስ ያስደነግጣል፤ ይህኛው ግን እናቲቱን በተሳሳተ ቀን ቀጥሮ ዝም ይላል።

መፍትሔው ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ዓይነት ቀን ብቻ እንዲኖር ማድረግ ነው። ዴት ዓምዱ የጎርጎርዮስን ቀን ይያዝ፤ ጥቅምት 30 ቀን 2017 እዚያ ላይ 2024-11-09 ነው። በኮዱ ውስጥ ለእኛ አቆጣጠር ራሱን የቻለ ክላስ ፍጠሪ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ይኑረው፤ 13ኛ ወር ይቀበል። ልወጣው የሚደረገው በአንድ ቦታ ብቻ ይሁን። በየስክሪኑና በየሪፖርቱ ተበትኖ ከተጻፈ አንዱ ከሌላው መለያየቱ አይቀርም። የልወጣ ቀመሩን ደግሞ ራስሽ አትጻፊው። አይሲዩ የተባለው የዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ሥርዓት) ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ፣ የኢትዮጵያን ካሌንደር ያውቃል፤ ለጃቫ ስሪተን ኤክስትራ የተባለም አለ፤ የድረ ገጽ አሳሾች ውስጥ ያለው ኢንትል እንኳ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አድርጎ ያሳያል። ካደረግሽው በኋላ ቢያንስ ጥቅምት 29ና 30ን፣ ጳጉሜን 5ን፣ 2015ን በመሰለ ዓመት ደግሞ ጳጉሜን 6ን አስገብተሽ፣ መዝግበሽ፣ መልሰሽ አንብቢ። የገባውና የወጣው አንድ ካልሆነ ለነርሶቹ አትስጫቸው።

ሁለት ነገር ልጨምር። ቀኑን በጄሰን ስትልኪ ቀኑን ብቻ ላኪ፤ 2024-11-09 ብለሽ፣ ያለ ሰዓት። ሰዓት ከተጨመረበት የአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የቀደመው ቀን 21፡00 ስለሚሆን የልደት ቀኑ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይሸሻል። ሰዓት በሚያስፈልግበት የቀጠሮ ዓምድ ላይም ጠዋት 2 ሰዓትን 08፡00 አድርገሽ መዝግቢ፤ 2 ሰዓት ብለሽ የምታሳዪው ስክሪኑ ላይ ነው። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት የሰዓት ቀጠና አስመስለው የሚያስተካክሉ አይቻለሁ፤ ፍጹም አይደረግም። ቀጠናችን ለሁሉም ዩቲሲ ሲደመር 3 ነው።

ቀደም ሲል የተመዘገበውን ደግሞ በአንድ ትእዛዝ ለማረም እንዳትሞክሪ እለምንሻለሁ። ቀኖቹ በዝምታ ተሻግረው ከሆነ መስከረም 5 ከሚሉት ረድፎች የትኛው እውነተኛ መስከረም፣ የትኛው ጳጉሜን እንደነበረ ከዳታቤዙ መለየት አይቻልም። የክሊኒኩን የሕክምና ኃላፊና የካርድ ክፍሉን ይዘሽ ከወረቀት ካርዱ ጋር አመሳክሪ። ይህ የሐኪም ውሳኔ ያለበት ሥራ ነው፤ ብቻሽን አትግቢበት። ዛሬውኑ ንገሪያቸው።

ሜክሲኮ አካባቢ የመለዋወጫ መጋዘን ሲስተም የሚያስተዳድሩ ወንድማችን፦ ገና ያልተቆጠሩ ዕቃዎች ሪፖርቱ ላይ ዜሮ ሆነው ይታያሉ። ዳታቤዙ ላይ ግን ነል (ባዶ፣ ያልታወቀ) ናቸው።

ጃቫን ከዳታቤዝ የሚያገናኘው የጄዲቢሲ ጌትኢንት ትእዛዝ ነል ሲያገኝ 0 ይመልሳል፤ ነል እንደነበር ለማወቅ ከዚያ ቀጥሎ ዋዝነል ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። የክላስዎ መስክ ኢንት ከሆነ ደግሞ "አልታወቀም" የሚለውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ነልንም ሊይዝ በሚችለው፣ ኢንቲጀር በሚባለው የጃቫ ክላስ ይተኩት። ጄሰኑ ላይም ሦስቱን ለይተው ይላኩ፦ መስኩ ጭራሹን የለም፣ መስኩ አለ ግን ነል ነው፣ መስኩ አለ ዜሮ ነው። ተቀባዩ በሦስቱ የተለያየ ነገር ማድረግ አለበት። ያልተቆጠረውን አለቀ ብሎ በስንት ጥበቃ በተገኘ የውጭ ምንዛሪ መደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ደግሞ ማዘዝ ያሳዝናል።

ሌላ አንባቢ፦ የምንጠቀምበት የውጭ ፕሮግራም "ላስት ኔም" ካልተሞላ አይመዘግብም። ምን እንሙላበት?

ነጥብም ሰረዝም አትሙሉበት። በራሳችሁ ሠንጠረዥ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ሦስት ዓምድ ያዙ፤ ወደ ውጭው ፕሮግራም በምትልኩበት ቦታ ላይ ብቻ የትኛው ለየትኛው እንደሚሄድ አንድ ጊዜ ወስኑ።

ሌላ አንባቢ፦ የደንበኞች ስም አንድ ቦታ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ሌላ ቦታ "አይበቃም" ይላል። ፊደላችን በኮምፒውተር ገና አልተሟላም ማለት ነው?

ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ ጥፋቱ የዓምዱ ነው። የጥያቄ ምልክት የሚያወጣው ኤስኪውኤል ሰርቨር የተባለው ዳታቤዝ ከሆነ ቫርቻር የነበረውን የጽሑፍ ዓምድ ዩኒኮድ ወደሚቀበለው ኤንቫርቻር ቀይሩት። አስቀድሞ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠው ግን አይመለስም፤ እንደገና መጻፍ አለበት። "አይበቃም" የሚለው ኦራክል የተባለው ዳታቤዝ ይመስለኛል፤ እዚያ ቫርቻር2 20 ሲባል በነባሪው 20 ባይት (የኮምፒውተር የመጠን መለኪያ) ማለት ነው። ዩኒኮድ በሚጻፍበት በዩቲኤፍ 8 አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚወስድ የሚገባው 6 ፊደል ብቻ ነው። ወልደ ገብርኤል የተባለ ሰው ሊመዘገብ አይችልም። ርዝመቱን በፊደል ቁጥር እንዲለካ አድርጋችሁ ፍጠሩት፤ የዳታቤዝ አስተዳዳሪያችሁ ያውቀዋል።

አንድ ጀማሪ ፕሮግራመር፦ አለቃዬ "ዓምድ ለዓምድ ማጣመር ጊዜ ይፈጃል፤ ኦብጀክቱን በጃቫ ሲሪያላይዜሽን እንዳለ ወደ ባይት ቀይረህ አንድ ብሎብ (ጥሬ ባይት የሚይዝ) ዓምድ ውስጥ ክተተው" ይለኛል። ይሻላል?

አይሻልም። ዛሬ የቆጠብከውን ጊዜ ክላሱ በተለወጠ ዕለት ከነወለዱ ትከፍላለህ። የስሪት መለያው ካልተመሳሰለ ጃቫ የድሮውን ባይት አላነብም ይላል፤ የደንበኛው መረጃ እዚያው ዳታቤዝ ውስጥ እያለ የሚከፍተው ይጠፋል። በውስጡ መፈለግ አይቻልም፤ ሪፖርት ማውጣት አይቻልም፤ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራምም አያነበውም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሰው ነካክቶ ያስገባውን ባይት መልሶ ኦብጀክት ማድረግ ለአጥቂ በሰርቨሩ ላይ የራሱን ትእዛዝ የማስኬድ በር ሊከፍት መቻሉ ነው። በፓይተን ቋንቋ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ፒክልም እንደዚሁ ነው። ቅርጹ በእርግጥ የሚለዋወጥ መረጃ ከሆነ ጄሰን ዓምድ ተጠቀም፤ ፖስትግሬስ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጄሰንቢ የተባለ የጄሰን ዓምድ አለው። የቅርጹን ስሪት ቁጥርም አብረህ መዝግብ። ለአለቃህ ይህን በአክብሮት አሳየው፤ ግን አሳየው።

ፒያሳ ያለች አንባቢ፦ ከዳታቤዙ የመጣውን የተጠቃሚ ኦብጀክት እንዳለ ወደ ጄሰን ቀይረን እንልካለን። ባልደረባዬ አሳሹ ውስጥ የይለፍ ቃል ሃሹን (ከይለፍ ቃሉ የተሰላውን ምስጢራዊ ኮድ) አየው። ሃሽ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?

ችግር አለው። ሃሹን ያገኘ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሲገምት ማደር ይችላል፤ ደካማ የይለፍ ቃል ደግሞ ቶሎ ይገኛል። ለሚወጣው መረጃ ሌላ ክላስ ፍጠሪ፤ የሚወጡትን መስኮች ብቻ በስም ዘርዝሪበት። "ይህ አይውጣ" እያሉ መደበቅ አይበቃም፤ ነገ ሠንጠረዡ ላይ የሚጨመረው አዲስ ዓምድ ማንም ሳያስበው ይወጣልና።

እስካሁን ለወጣው ግን የእኔ መልስ አይበቃሽም። የደኅንነት ባለሙያ ጠርታችሁ መዝገቦቹ ይፈተሹ፤ የይለፍ ቃሎች ይለወጡ። የሕግ ባለሙያም አማክሩ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ በሚይዝ ድርጅት ላይ ግዴታ ይጥላል። "ማንም አላየውም ይሆናል" ብላችሁ አትለፉት።

ሌላ አንባቢ፦ የደንበኞች ትእዛዝ መለያ ቁጥራችን ስክሪን ላይ ሲደርስ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ይለወጣሉ።

ዓምዱ ቢግኢንት (ትልቅ ሙሉ ቁጥር) ነው፤ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ሙሉ ቁጥርን ያለ ስጋት የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,991 ብቻ ነው። መለያውን በጄሰን ውስጥ በጽሑፍ መልክ ላኩት። እስከዚያው ከስክሪኑ ላይ በተገለበጠ ቁጥር ትእዛዝ አትሰርዙ፤ የሌላ ደንበኛ ሊሆን ይችላል።