«በ5 ቀን እናትምልዎታለን» ለሚልሽ ጆርናል መልስ ከመስጠትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ማስተርስሽን ጨርሰሽ ከቲሲስሽ አንድ ማኑስክሪፕት (ለሕትመት የሚላክ ጽሑፍ) አውጥተሻል። የማታውቂው ጆርናል (የምርምር መጽሔት) «በ5 ቀን ውስጥ እናትምልዎታለን» የሚል ኢሜይል ላከልሽ፤ 150 ዶላር ይጠይቃል። አድቫይዘርሽ ደግሞ «ቶሎ ላኪውና እንገላገል፤ የሁለት ባልደረቦቼንም ስም አስገቢ» ብለውሻል። ልላክ ወይስ ይቅርብኝ ነው ያልሽው።

ይቅርብሽ። ለምን እንደሆነ ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ይህ ነገር እኔን ብዙ አስከፍሎኛል። ፒር ሪቪው (የሙያ አቻዎች ጽሑፉን መገምገማቸው) ምንድን ነው፣ ኦፕን አክሰስ (ማንም በነጻ የሚያነበው ሕትመት) ምንድን ነው የሚለውን ስለምታውቂው እዘለዋለሁ።

1. ኢሜይሉን ተይና ጆርናሉን መርምሪ። ደህና ጆርናል ገና ማስተርስ ለጨረሰ ሰው «ክቡር ፕሮፌሰር» ብሎ አይጽፍም። ጽሑፉን ሳያይም ቀን ቆርጦ ቃል አይገባም። ሪቪወር ተፈልጎ፣ አንብቦ፣ አንቺም አስተካክለሽ እስክትመልሺ ብዙ ጊዜ ወራት ይወስዳል። ስኮፐስ (የታወቀ የጆርናሎች መረጃ ቋት) ውስጥ አለን ካሉሽ ስኮፐስ የጆርናሎች ዝርዝር ላይ ራስሽ ግቢና በአይኤስኤስኤን ቁጥሩ ፈልጊ። በነጻ ይታያል። ስኮፐስ ጆርናሉን መያዝ አቁሟል የሚል ማስታወሻ እንዳለበትም እዪ፤ አንድ ጊዜ ገብተው በኋላ የተባረሩ ብዙ ናቸው። አይኤስኤስኤን ማለት ጆርናሉን ከሌላው የሚለይ ቁጥር ነው፤ ስለ ጥራቱ የሚናገረው ነገር የለም። ኢምፓክት ፋክተር (የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር) ላይም ተጠንቀቂ። ትክክለኛው ክላሪቬት የተባለው ድርጅት በየዓመቱ የሚያወጣው ነው። ስሙን አስመስለው ቁጥር የሚሰጡ ድርጅቶች ሞልተዋል።

ከዚያ ሁለት ቦታ ሂጂ። አንዱ ዲኦኤጄ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ የኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ማውጫ። ሌላው ኮፕ ነው፤ የእንግሊዝ የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረቱት የሕትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ። «የኮፕ አባል ነን» የሚለውን ኮፕ ራሱ ባወጣው የአባላት ዝርዝር ላይ ስታገኚው ብቻ እመኚ። ጆርናሉ ገጹ ላይ የለጠፈውን አርማ ማንም ኮፒ ማድረግ ይችላል።

«ኧረ ይሄን ያህል?» ካልሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስህተት የሞላውን የውሸት ጥናት ለ304 ጆርናሎች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት። ውጤቱን ያወጣው ሳይንስ መጽሔት ላይ ነው። የውሸት ጥናቱ ስለ ካንሰር መድኃኒት ነበር። በእንደዚህ ዓይነት ወረቀት ተማምኖ ሰው የሚያክም ሐኪም ቢኖር ብለሽ አስቢው።

2. የስም ነገር። አድቫይዘርሽን ማክበርሽ ተገቢ ነው። የኦተር (የጸሐፊ) ስም ግን ለውለታ የሚሰጥ ነገር አይደለም። የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያወጣቸው 4 መስፈርቶች አሉ፤ ኦተር ለመባል 4ቱንም ማሟላት ያስፈልጋል። በጥናቱ ሐሳብ፣ በዲዛይኑ፣ በመረጃ ማሰባሰቡ ወይም በትንተናው ጉልህ ድርሻ ሊኖረው ይገባል። ጽሑፉን መጻፍ ወይም ጠለቅ ብሎ ማረም አለበት። የመጨረሻውን ቅጂ አንብቦ ማጽደቅ አለበት። አራተኛው፣ ስለ ሥራው ጥያቄ ሲነሳ አብሮ ተጠያቂ መሆን ነው። ይህ አራተኛው የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ስሙን አስገብቶ ችግር ሲመጣ «እኔ አላየሁትም» ለሚል ሰው በሩን ይዘጋበታል። የክፍል ኃላፊ መሆን ወይም ገንዘብ ማስገኘት ብቻውን ከምስጋናው ክፍል አያልፍም።

አድቫይዘርሽን እንዲህ በያቸው፦ «ዶክተር፣ ጆርናሉ የእያንዳንዱ ኦተር ድርሻ ምን እንደሆነ የሚሞላ ፎርም አለው። ለእነ እገሌ ምን ብዬ ልሙላላቸው?» ክብራቸውን አልነካሽም፤ ጥያቄው ግን መልስ ይፈልጋል። እኔ ጋ ሠርቷል። የስም ቅደም ተከተሉንም ስትስማሙ በቃል አታስቀሪው። «በተነጋገርነው መሠረት» ብለሽ ለሁሉም በአንድ ኢሜይል ላኪው።

3. ሰብሚት የምትለዋን ቁልፍ ራስሽ ተጫኚ። ረቂቁንም ወርድ ላይ እንዳለ ለማንም አትስጪ፤ ፒዲኤፍ አድርገሽ፣ በየገጹ «ረቂቅ» ብለሽ ጽፈሽበት ስጪ። ይህን የምልሽ በደረሰብኝ ነገር ነው።

የእኔ ጥናት የቲቢ መድኃኒት ጀምረው ስላቋረጡ ታካሚዎች ነበር። ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ እየዞርኩ መዝገብ አገላብጫለሁ። መዝገቡ ላይ ስልክ የሌለውን ሰው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ቤቱ ድረስ ሄጄ ነው ያነጋገርኩት። ረቂቁን እንዲያዩልኝ ለኮ-ኦተሮቼ ላክሁ። አንደኛው ለፕሮሞሽን አንድ ጽሑፍ ጎድሎት ነበር። ለእኔ «እያየሁት ነው» እያለ ረቂቁን እንዳለ ወስዶ በቀናት ውስጥ የሚያትም ጆርናል ላይ አወጣው። የራሱን ስም መጀመሪያ፣ የእኔን ሦስተኛ አድርጎ።

እኔ በዚያ መሐል ሥራውን ጨርሼ ለአንድ ጥሩ ጆርናል ልኬያለሁ። ሪቪው ላይ እያለ ከኤዲተሩ ደብዳቤ መጣ፦ ይህ ሥራ ቀድሞ ታትሟል፣ ማብራሪያ ስጥ። ሊንኩ ከታች ተቀምጧል። ከፈትኩት። ሠንጠረዥ 2 ላይ የሠንጠረዥ 3 ርዕስ ተለጥፎበታል። የወረዳው ስም ተሳስቷል። «ቁጥሩ ይጣራ» ብዬ በቢጫ ያቀለምኩት ዐረፍተ ነገር ከነማስታወሻው ታትሟል። ከርዕሱ ሥር ጽሑፉ የደረሰበትና ተቀባይነት ያገኘበት ቀን ተጽፏል፤ በመሐላቸው ያለው 3 ቀን ነው። ያነበበው ሰው እንደሌለ የሚመሰክረው ራሱ ወረቀቱ ነው። ያኔ የተሰማኝን ንዴት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ለዚያ ጆርናል ጻፍኩ። ያለ ፈቃዴ ነው ያተማችሁት፣ አውርዱት አልኩ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ለማውረድ ክፍያ አለው፣ እሱም ከማሳተሚያው ይበልጣል። አልከፍልም አልኩ። ለኮፕ ላመልክት ስል ኮፕ አቤቱታ የሚያየው በአባሎቹ ላይ ብቻ ነው፤ ይሄኛው አባል አልነበረም። ከላይ የአባላቱን ዝርዝር እዪ ያልኩሽ ለዚህ ነው። አባል የሆነ ጆርናል ሲበድልሽ የምታንኳኪው በር አለሽ።

ጽሑፍሽን ይዘው አንለቅም ማለታቸው የታወቀ አሠራር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኦሚክስ የተባለውን የሕንድ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲከስ ካነሳቸው ነጥቦች አንዱ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን እንዳያወጡ መከልከሉ ነበር። በ2019 ኔቫዳ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት 50.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት። የተከሰሰባቸው ሌሎች ነጥቦችም እነዚህ ነበሩ፦ ክፍያውን መደበቅ፣ የሌለ ሪቪው አለ ማለት፣ ያልተስማሙ ሰዎችን ኤዲተር ብሎ መዘርዘር።

ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን የምርምር ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ታተመልህ አይደል? ስምህም አለበት። ሌላው የሚያትምለት አጥቶ ይንከራተታል» አለኝ። አቤቱታዬን በጽሑፍ ልስጥ ስል «በመዝገብ ቤት በኩል» ተባልኩ። መዝገብ ቤት ደግሞ «ኃላፊው ካልመሩበት አንቀበልም» አለ። እንዲህ ስመላለስ ከረምኩ። የምርምር ሥነ ምግባር ሥልጠና የሚያዘጋጀው ይኸው ቢሮ ነው። እኔን ያናደደኝ የስሜ ሦስተኛ መሆን ብቻ አልነበረም። መድኃኒቱን ለምን እንዳቋረጡ በራቸውን ከፍተው የነገሩኝ ሰዎች ነበሩ። የነገሩኝ ለሌላው ታካሚ እንዲጠቅም ነው። ቃላቸው በተሳሳተ ሠንጠረዥ ውስጥ ተወርውሮ ቀረ። ይህን ለኃላፊው ነግሬዋለሁ። መልስ አልሰጠኝም።

እኔን ያዳነኝ ወረቀት ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴው በሰጠው ፈቃድ ላይ ዋና ተመራማሪ ተብሎ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ረቂቁን የላክሁበት ኢሜይልም ከነቀኑ አለ። አያይዤ ለኤዲተሩ ላክሁ። በጨዋ ቋንቋ መለሰልኝ፤ አንተን አንጠረጥርም፣ ግን አንዴ የወጣን ውጤት ደግመን ማተም አንችልም አለኝ። ከፋኝ፤ ግን ልክ ነው። አንድ ውጤት ሁለት ቦታ ከወጣ፣ ነገ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚደምር ሰው ያንኑ ታካሚ ሁለቴ ይቆጥረዋል። ሕጉ የወጣው ለዚህ ነው። ለሁለት ጆርናል በአንድ ጊዜ መላክ የተከለከለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ «የቀደመው ይቀድማል» እያሉ የሚመክሩሽን አትስሚ።

ጥናቱን ግን አልተውኩትም። የቀጣዩን ዓመት መዝገብ ጨምሬ፣ ጥያቄውንም አስፍቼ እንደገና ሠራሁት። ከጽሑፉ ጋር በሚሄደው ደብዳቤ ላይ የሆነውን ሁሉ ከነሊንኩ ገልጬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ሪቪወር የጎደሉትን መረጃዎች እንዴት እንደያዝኳቸው አፋጠጠኝ። ትንተናውን ከሥሩ ደገምኩት፤ ጽሑፉም ከበፊቱ በጣም ተሻለ። ታተመ። አንድ ብር አልከፈልኩም። ዛሬ የዲፓርትመንታችን ጀማሪ ሌክቸረሮች ከመላካቸው በፊት ጽሑፋቸውን ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ፤ በዚህ እኮራለሁ። ያ ባልደረባችን ያቀረበውን የፕሮሞሽን ኮሚቴው ጆርናሉን አይቶ ጣለበት።

አንድ ብር አልከፈልኩም ያልኩሽን አትለፊው። አሜሪካ ያለ ዘመድሽን በካርድህ ክፈልልኝ ልትዪ እንደሆነ ጽፈሻል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በሪሰርች ፎር ላይፍ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የምርምር ጽሑፎችን በነጻ ወይም በቅናሽ የሚያቀርብ ፕሮግራም) አሠራር ኢትዮጵያ ምድብ ኤ ውስጥ ናት፤ ከታወቁት አሳታሚዎች ብዙዎቹ በዚህ መሠረት ለኛ አገር ኮረስፖንዲንግ ኦተር (ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈው ጸሐፊ) ክፍያውን በሙሉ ያነሳሉ። ዌቨሩን (የክፍያ ነጻነቱን) ግን ጽሑፉን በምትልኪበት ሰዓት ጠይቂ። ተቀባይነት ካገኘሽ በኋላ አይሆንም የሚሉ አሉ። ኮረስፖንዲንግ ኦተሯም አንቺ ሁኚ፤ ውጭ አገር ያለ ሰው ከሆነ ዌቨሩ ሊቀርብሽ ይችላል። ከመላክሽ በፊት የአሳታሚውን የዌቨር ገጽ አንብቢ።

የአገር ውስጡንም አትናቂ። ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ አለ። የጅማው ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ሄልዝ ሳይንስስ አለ፤ ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ሄልዝ ዴቨሎፕመንት አለ። የአንቺም ሙያ ጤና ነው ብዬ ነው፤ ሌላ ሙያ ከሆነ ትምህርት ሚኒስቴር ገምግሞ እውቅና የሰጣቸውን ጆርናሎች ዝርዝር ከዩኒቨርሲቲሽ ጠይቂ። ኤጆል የሚባለው የአፍሪካ ጆርናሎች ድረ ገጽ ላይም ብዙዎቹን ታገኛቸዋለሽ።

የታካሚ መዝገብ ከተጠቀምሽ የሥነ ምግባር ፈቃዱን ቁጥርና ቀን ጽሑፉ ውስጥ አስገቢ። እንግሊዝኛውን በቻትጂፒቲ ካስተካከልሽ ደግሞ ጆርናሉ በሚጠይቅሽ ቦታ ግለጪ፤ ኦተር ብለሽ ግን ልታስገቢው አትችዪም፣ ኮፕም ይህን በ2023 በግልጽ ጽፎታል።

ምናልባት ለነዚህ ሰዎች ጽሑፉን ልከሽላቸው ከሆነ ዛሬውኑ «ጽሑፌን አንስቻለሁ፣ እንዲታተም ፈቃድ አልሰጠሁም» ብለሽ በኢሜይል ጻፊ። አድቫይዘርሽንም ሲሲ አድርጊ። በስልክ ወይም በዋትስአፕ አትጨርሺው፤ ነገ ሌላ ኤዲተር ሲጠይቅሽ የምታሳዪው ይህንኑ ኢሜይል ነው።

የጆርናሉን ስምና አይኤስኤስኤን ቁጥሩን እዚሁ ለጥፊልን፣ ዛሬ ማታ አየዋለሁ። እስከዚያ ዶላሩን አታስልኪ፤ የኮፒራይት ፎርሙንም አትፈርሚ።