ጤና አዳም ፀሐይ ይፈልጋል፣ ውሃ ሲበዛበት ይሞታል

እህቴ፣ «በረንዳዬ ላይ ያለውን ጤና አዳም በየቀኑ አጠጣዋለሁ፤ ቅጠሉ ግን ቢጫ ሆነ፣ ግንዱ ቀጠነ፣ አበባም እምቢ አለ» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እንዲህ ሆነው ሁለት ሞተውብኛል።

ግንዱ የቀጠነው ፀሐይ ስላጣ ነው። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ካላገኘ ወደ ብርሃን እየተንጠራራ ይመዘዛል፣ አያብብም። ውሃው ደግሞ ከጥላው ይብሳል። እኔ አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ፣ የጣሪያው ውሃ በሚወርድበት ጥግ፣ ጥቁር አፈር ላይ ነበር የተከልኩት። ሐምሌ ሳያልቅ ቢጫ ሆነ። ስነቅለው ሥሩ ጠቁሯል፣ ልጡ እጄ ላይ ተላጠ። ሁለተኛውም እዚያው ቦታ እንደዚያው ሆነ።

ለሦስተኛው ድንጋይ ደርድሬ አፈሩን ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ አደረግሁት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኘዋል። ይኸው አምስተኛ ዓመቱ ነው፤ ወገቤ ደርሷል፣ ከሥሩ እንጨት ሆኗል። በክረምት ጭራሽ አላጠጣውም። በበጋም ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው።

አበባው ሲወጣ ጠጋ ብለሽ እዪው። የአበባው ቢጫ ቅጠሎች ጠርዛቸው እንደ ታቦት ጃንጥላ ዘርፍ ብጥስጥስ ያለ ነው። የመሃሉ አበባ 5 ቅጠል አለው፣ በዙሪያው ያሉት 4። ሲረግፍ የሚቀረውን ፍሬ እንዳትጥዪው! ደርቆ በርበሬ ውስጥ ሲገባ ሽታው ልዩ ነው። ፍሬውን ከለቀምሽ በኋላ ከርክሚው፤ ግን ለስላሳውን ብቻ፣ እንጨት ወደሆነው አትውረጂ።

ስትከረክሚ ጓንት አድርጊ፣ እጅጌሽም ረጅም ይሁን። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። እኔ ቀትር ላይ በባዶ ክንዴ ስከረክም ውዬ፣ በሁለተኛው ቀን ክንዴ ዘይት እንደፈሰሰበት ውሃ ቋጠረ። ጥቁረቱ ለወራት አልለቀቀኝም። ቤትሽ ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ በቡናም በሻይም አትስጪያት፤ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል።

አሁን ማሰሮውን መጀመሪያ ለጠዋት ፀሐይ አውጪው፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ፀሐይ። ከማሰሮው ሥር ያለው ቀዳዳ እንዳልተደፈነ እዪ። አፈሩ እስኪደርቅ ውሃ አታስነኪው። ለመጠባበቂያ ያላበበ ቀንበጥ ስንዝር ያህል ቆርጠሽ፣ የታች ቅጠሉን አራግፈሽ፣ አሸዋማ አፈር ላይ ሰክተሽ ጥላ ውስጥ አቆዪው። ሥር ሲያወጣ ወደ ፀሐይ ታወጪዋለሽ።